ከልጆች የተደበቁት ምዕራፎች

ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ያሳተመው «የጋሊቨር ጉዞዎች» አራት ክፍሎች አሉት። ብዙ ሰው በልጅነቱ የሚያውቀው ግን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ድንክዬዎቹ የሚኖሩባትን ሊሊፑትንና የግዙፎቹን አገር ብሮብዲንግናግን። በአየር ላይ የምትንሳፈፈው ደሴት፣ ሞት የማያውቃቸው ጃጅተው የሚኖሩ ሽማግሌዎች፣ ፈረስ አስተዋይ፣ ሰው መሳዩ ደግሞ አውሬ የሆነበት አገር፣ እነዚህ ሁሉ ለልጆች ከሚዘጋጁት ቅጂዎች በአብዛኛው ቀርተዋል።

ማሳጠሩን አልቃወምም። የዐሥር ዓመት ልጅ ስለ ጥንቱ የእንግሊዝ ፓርቲዎች ሽኩቻ ባያነብ የሚቀርበት ነገር የለም፤ የመርከብ ጉዞው ዝርዝርም ቢታለፍ ታሪኩ አይጎድልም። የሚያሳዝነኝ ከተያዙት ከሁለቱ ክፍሎች ውስጥ እንኳ የሚወጣው ነው። በሊሊፑት ትልቅ ሹመት የሚገኘው በገመድ ላይ በመዝለል ችሎታ ነው። እንቁላል በሰፊው ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ በሚል ጠብ ዐሥራ አንድ ሺህ ሰው ሞትን መርጧል። የብሮብዲንግናግ ንጉሥ ደግሞ ጋሊቨር የባሩድን አሠራር ላሳይህ ሲለው በድንጋጤ እምቢ ይላል። ይህ ሁሉ ለልጅ ይከብዳል የሚለኝን አላምነውም። ዳቦ እኩል አልተቆረሰም ብሎ የሚሟገት ልጅ ግፍ ምን እንደሆነ ያውቃል። ብዙ አሳጣሪዎች ግን ባሕር ዳር በክር የታሰረውን ጋሊቨር ይዘው፣ ስዊፍትን ብዕር ያስጨበጠውን ቁጣ ይጥሉታል።

መቁረጡም በልጆች ሰበብ አልተጀመረም። የመጀመሪያው የለንደን አሳታሚ መንግሥትን ፈርቶ አንዳንድ ቦታ ቀይሮ፣ ሌላውን አለሳልሶ ነበር ያተመው። ስዊፍት አልወደደውም፤ በ1735 በደብሊን የወጣው እትም አብዛኛውን መለሰ። በንጉሣቸው ላይ ስላመፁት የሊንዳሊኖ ነዋሪዎች የሚተርከው ክፍል ግን እስከ 1899 ድረስ አልታተመም።

እንዲህ ያለው የመቁረጥ ፈተና ለእኛም ቅርብ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሳይቀሩ በጆሯቸው አንብበውታል። አንድ አሳታሚ ይህን ወፍራም መጽሐፍ ለወጣቶች ላሳጥር ቢል ፈተናው ወዲያው ይመጣበታል፤ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር መያዝ፣ ሌላውን መዝለል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰዋው ሥርዓት ነቃፊው ጉዱ ካሳ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ከእሱም ጋር አበጀ በለውና በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያመፁት ባላገሮች ይሄዳሉ። ሁለቱን ወጣቶች የለያያቸው ግን ያ ጉዱ ካሳ ሲነቅፈው የኖረው የዘርና የማዕረግ ሥርዓት ነው። እሱ ከወጣ አንባቢው ለቅሶውን ያገኛል፣ ያስለቀሰውን አያገኝም።

ስለዚህ የሚያሳጥር ሰው ገለጻውን፣ የዘር ሐረጉን፣ የተደጋገመውን ንግግር ይቀንስ፤ የጉዱ ካሳን ክርክር ግን አይንካብን። በሽፋኑ ላይም መጽሐፉ ያጠረ መሆኑ ከአሳጣሪው ስም ጋር ይታተም፤ በመጨረሻው ገጽ የትኞቹ ምዕራፎች እንደቀሩ ይዘርዘር፤ ልጁ አድጎ ሙሉውን ሲያነሣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።