የብርጭቆ ጢንዚዛና ክታብ

ደብረ ታቦር አያቴ ካንገቴ ያሰሩልኝን ክታብ ትርጉም ሳልመረምር ኖሬአለሁ። እንድመረምር ያነሣሣኝ ስለ ግብጾች ጢንዚዛ ያነበብሁት ነው።

ይህ ጢንዚዛ ፍግ አድቦልቡሎ ሲያንከባልል በአገራችን መስክም ይታያል። የጥንት ግብጻውያን ግን ፀሐይን የሚያንከባልለውን ኬፕሪ የተባለውን አምላካቸውን በእርሱ መሰሉ። ምስሉን በድንጋይ ይቀርጹ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ አሸዋና የዕፀዋት አመድ አቅልጠው፥ በመዳብ ሰማያዊ አድርገው፥ በብርጭቆም ሠሩት። ሕያዋን ከክፉ እንዲጠብቃቸው ያስሩታል፤ ከሙታንም ጋር ይቀበራል።

እንዲህ ያለው ነገር ወደ አገራችንም ደርሶ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ገደማ በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ በተደረገው ቁፋሮ ፕታሕንና ሐቶርን የሚያሳዩ፥ ብርጭቆ መሳይ ልባጥ ያላቸው ትንንሽ የግብጽ ምስሎች ተገኝተዋል።

የእኛ ክታብ ግን ጽሑፍ ነው። ደብተራው ጸሎቱን በብራና ጽፎ፥ የባለቤቱን የክርስትና ስም አግብቶ፥ ጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋዋል።

አያቴን «ክታቡ ያድናልን?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የሚያድነው እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ያሰርሁልህ ፍርሃቴን ነው» አሉኝ። የግብጽም እናት ፍርሃቷን ያሰረች መሰለኝ።

እንግዲህ ወዳጆቼ ሆይ፥ የታመመ ልጅ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ክታቡ ግን የአባቶች የእጅ ሥራ ነውና ለነጋዴ አይሸጥ።