ሳይመራረቁ የማይቀርቡበት ገበታ

በየዓመቱ ዲሴምበር 24 ቀን፣ በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ዋርሶ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነው። ልጆች ከመስኮቱ ሥር አይነቀሉም። ዓይናቸው ሰማይ ሰማይ ያያል፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ካልታየች ገበታ አይቀረብምና። ኮከቧ ሰብአ ሰገልን ወደ ቤተ ልሔም ለመራችው ኮከብ መታሰቢያ ናት። በየማድ ቤቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ፣ አንዳንዱም ከሳምንት በፊት ጀምሮ፣ የተለፋበት የጾም ምግብ ከምድጃ እየወረደ ነው። “ቪጊሊያ” የሚባለው ራት ሊጀመር ነው።

ለፖላንዳውያን የገና ትልቁ ሰዓት ይህ የዋዜማ ምሽት ነው። በዓሉ በማግስቱ ቢውልም፣ ዘመድ ከሩቅ ተሳፍሮ የሚደርሰው ለዚህ ራት ነው። እንዲህ ሆኖም ዕለቱ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕግ የሥራ ቀን ነበር። ሥራ የሚዘጋበት በዓል የሆነው ከ2025 ጀምሮ ነው።

ስለ ቪጊሊያ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የምግቡ ብዛት ነው። እኔ ግን ማንኛውም ሳህን ከመነካቱ በፊት ከሚሆነው ነገር መጀመር እወዳለሁ፤ የዚህ ራት ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

በገበታው መካከል ኦፕዋቴክ የሚባል ቂጣ ይቀመጣል። ነጭ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ከዱቄትና ከውኃ በቀር ምንም አይገባበትም፤ እርሾ አይነካውም። የሚጋገረው ሥዕል በተቀረጸበት ብረት መካከል ተጨፍልቆ ስለሆነ፣ ፊቱ ላይ ሕፃኑ በግርግም ተኝቶ፣ እናቱና ዮሴፍ ከአጠገቡ ሆነው ይታያሉ። አሠራሩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን ከምትጠቀምበት ቂጣ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም ቁርባን ግን አይደለም፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊበላው ይችላል።

ኮከቧ ስትወጣ ቤተሰቡ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቆማል። ብዙ ጊዜ አባወራው ወይም ከቤቱ ልጆች አንዱ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ ሁለት ስለ ልደት የሚናገረውን ያነባል። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ቂጣ ይይዛል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይተያያሉ፤ አንዱ ከሌላው ቂጣ ቁራሽ ይቆርሳል፤ ሌላውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቆርሰውም ይመራረቃሉ። ምርቃቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አያት የልጅ ልጇን “ፈተናህን በደህና እለፍ፤ ከዚያች ልጅ ጋርም ያሰብከው ይሳካልህ” ትለዋለች። እሱ ደግሞ “አያቴ፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ለሚመጣው ዓመትም አብረን ያድርሰን” ይላታል። ተሳስመው፣ ቁራሹን አፋቸው አድርገው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ከሁሉ ጋር እስኪዳረስ ድረስ ማንም አይቀመጥም።

በእኛ አገር ምርቃት በአብዛኛው ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ ታናሽ “አሜን” ይላል። በኦፕዋቴክ ጊዜ ግን የስድስት ዓመት ሕፃንም አያቱ ፊት ቆሞ የመመረቅ ተራ አለው፤ ደግሞም ይጠበቅበታል። ከዚህም የሚከብድ አለ። ዓመቱን ሙሉ የተኳረፉ እኅትና ወንድም፣ በውርስ የተጣሉ አጎትና የወንድም ልጅ፣ አማችና ምራት በዚያች ቅጽበት ቂጣ ይዘው ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ቆርሶ ለመስጠት መቅረብ አለ፤ ሲቀርቡም አንድ ቃል መናገር ግድ ነው። ቂም ይዞ መቁረስ ነውር ስለሆነ፣ ብዙ ኩርፊያ የሚፈታው በዚች ሰዓት ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ የበዓል ሰላምታን እንዲህ አድርጎ ከምግቡ ጋር ያጋመደ ሌላ ገበታ ጥቂት ነው። ሊቱዌኒያውያንና ስሎቫኮች ተመሳሳይ ቂጣ አላቸው፤ ስሎቫኮቹ እንዲያውም ማር ይቀቡታል።

ቂጣውን ድሮ በየአጥቢያው የሚጋግረውና ቤት ለቤት እየዞረ የሚያድለው የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ነጩ ለሰው ሲሆን፣ በቀለም የተነከረው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ የሆነው፣ በገጠር ለከብቶች ይሰጥ ነበር። ጌታ የተወለደው በከብቶች በረት ነውና እነሱም ከበረከቱ አይቀሩም። በዚያች ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ እንስሳት በሰው አፍ ይናገራሉ የሚል አፈ ታሪክም አለ። ኦፕዋቴክ ቀላልና ደረቅ ስለሆነ በፖስታ ታሽጎም ይጓዛል። ወደ ቺካጎና ወደ ሌላም ቦታ የተሰደዱ ፖላንዳውያን ከእናታቸው በደብዳቤ የሚደርሳቸውን ቁራሽ ባሉበት ቆርሰው ይበሉት ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርጉ አሉ።

አሁን ወደ ምግቡ እንለፍ። ገበታው የጾም ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው የዕለቱን ከሥጋ መከልከል እንደ ግዴታ መቁጠር ከተወች ዓመታት ቢያልፉም፣ ሃይማኖት የማያጠብቀው ቤተሰብ ሳይቀር ዛሬም ሥጋ አያቀርብም። ዓሣ ግን ይፈቀዳል። ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ነው የሚሉ አሉ፣ ለዐሥራ ሁለቱ ወራት ነው የሚሉም አሉ። ቀደም ባለው ዘመን ግን የምግቡ ቁጥር ጎዶሎ እንዲሆን ነበር የሚፈለገው።

ከሁሉ የምወደው ባርሽች የሚባለው የቀይ ሥር ሾርባ ነው። ደኅና ባለሙያ ቀይ ሥሩን ቀቅላ ብቻ አታቀርብም። ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብላ ቆራርጣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመም ጋር ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ተቀምጦ ይኮመጥጣል። ያ ጎምዛዛ ውኃ ነው ሾርባውን ጠርቶ እንደ ወይን የሚያቀላው። ውስጡ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ጥቅል ሊጦች በእንጉዳይ የተሞሉ ናቸው። እንጉዳዩ የተለቀመው በመከር ጫካ ገብተው ነው፤ በክር ተሰክቶ ደርቆ ለዚህ ቀን ቆይቷል። ከሾርባው ቀጥሎ በኮመጠጠ ጥቅል ጎመንና በእንጉዳይ የተሞሉት፣ ፒዬሮጊ የሚባሉት የሊጥ እጥፎች፣ ጎመን በአተር፣ ሄሪንግ የተባለው የባሕር ዓሣ በዘይት ተነክሮ፣ አንዳንዱ ጋ በተልባ ዘይት፣ ይመጣሉ። መጠጡ የደረቀ ፕሪም፣ ፖምና ፒር አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚወጣው ጭስ ጭስ የሚል ጭማቂ ነው።

ካርፕ የተባለው ዓሣ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የጥንት ሕግ አይደለም። መነኮሳትና መኳንንት በኩሬ ሲያረቡት ዘመናት ቢቆጠሩም፣ በየቤቱ ገበታ ላይ የነገሠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አገሪቱ ፈርሳ የባሕር ዓሣ አስጋሪ መርከብ ሲጠፋ፣ በኩሬ የሚረባው ካርፕ በርካሽ ለሕዝብ የሚዳረስ ሆነ፤ በኮሚኒስቱ ዘመን መሥሪያ ቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ያድሉት ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ዓሣው ከነሕይወቱ ተገዝቶ እስከ ዋዜማው በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይዋኝ ነበር። ልጆች ስም ያወጡለት ነበር፤ ኋላም ሲታረድ ያለቅሱ ነበር። አሁን ይህ ልማድ በዓሣው ላይ ጭካኔ ነው የሚል ክርክር ስለበዛበት በሕይወት መሸጡ እየቀነሰ ነው። የካርፕ ቅርፊት በቦርሳ መያዝ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አያሳጣም የሚለው እምነት ግን አልቀረም።

ከቤት ወደ ቤት ያለው ልዩነት የቤተሰቡን ታሪክ ይናገራል። ሲሌዢያ በሚባለው አካባቢ ከሄምፕ ዘር የሚሠራ ሾርባ ይጠጣሉ። ሌላው ቤት በባርሽች ፋንታ የእንጉዳይ ሾርባ ያቀርባል፤ ከሁለት አካባቢ የመጡ ሲጋቡ ሁለቱም ሾርባ አንድ ገበታ ላይ ይቀርባል። ኩቲያ ደግሞ የምሥራቁ ነው፤ የተከካ ስንዴ ተቀቅሎ ከማር፣ ከለውዝና ፖፒ ከሚባል አበባ ጥቁር ደቃቅ ዘር ጋር ይለወሳል። በ1945 የፖላንድ ድንበር ወደ ምዕራብ ሲገፋ፣ ዛሬ ዩክሬን፣ ቤላሩስና ሊቱዌኒያ ከሆኑት አገሮች የተፈናቀሉት ቤተሰቦች ወደ ቭሮትስዋፍና ወደ ሌሎች የምዕራብ ከተሞች ተወሰዱ። ኩቲያም አብራቸው ሄደች። ስለዚህ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ላይ ኩቲያ የሚያቀርብ ቤት አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከየት እንደተነቀለች ሳይጠየቅ ተናገረ ማለት ነው።

ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር፣ ግርግሙን ለማሰብ፣ ጥቂት ድርቆሽ ይነጠፋል። አንድ ሳህንና አንድ ወንበርም ሰው ሳይቀመጥበት ይቀራል። በእኛ አገር መሽቶበት ደጃፍ ላይ የሚቆም መንገደኛ “የእግዜር እንግዳ ነኝ” እንደሚለው፣ ያ ወንበር በሩን ላንኳኳ ሁሉ ነው። ፖላንድ በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ከዓለም ካርታ በጠፋችባቸው 123 ዓመታት፣ በተለይ ከ1830 እና ከ1863 ዐመፆች በኋላ ብዙዎች ወደ ሳይቤሪያ ሲጋዙ፣ ባዶው ወንበር የእነሱም ወንበር ሆነ። ዛሬ በዚያ ዓመት የሞተውን የቤተሰቡን ሰው የሚያስቡበትም ብዙ ናቸው።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ቪጊሊያ ግን የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ፣ ከቤላሩስ ድንበር አጠገብ ባለው የፖድላሺዬ አውራጃ ነው። እዚያ ያሉት ኦርቶዶክሳውያን በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚመሩ ገናቸው ጃንዋሪ 7 ቀን ነው፤ ከእኛ ልደት ጋር በአንድ ቀን ይውላል። እኛ ጾመ ነቢያትን ስንጾም እነሱም የገና ጾማቸው ላይ ናቸው፤ እኛ ገሃድን ስንጾም እነሱ ኮከብ ይጠብቃሉ። በኦፕዋቴክ ፋንታ የሚቆርሱት ፕሮስፎራ የተባለ እርሾ ያለው የቤተ ክርስቲያን ኅብስት ነው፤ ገበታውን የሚከፍቱትም በኩቲያ ነው። ሲገናኙ አንዱ “ክርስቶስ ተወለደ!” ሲል ሌላው “አክብሩት!” ብሎ ይመልሳል። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ የተጋቡበት ቤት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ቪጊሊያ ያደርጋል፤ ልጆቹም ሁለት ጊዜ ኮከብ ይጠብቃሉ።

ፖላንድ ውስጥ የሚማርም ሆነ የሚሠራ ወገን በዚያ ምሽት ቢጠራ አይቅር። ቂጣው ሲሰጥዎት ወዲያው አይብሉት፤ በቤቱ ላለው ሰው ሁሉ የሚዳረስ ነውና ከእያንዳንዱ ጋር ትንሽ ትንሽ ይቁረሱ። “ቬሶዊህ ሽቪዮንት” ካሉ “መልካም በዓል” ማለትዎ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው በሽተኛ ልጅ ወይም የጀመረው ሥራ እንዳለው ካወቁ እሱን አንሥተው ይመርቁት። ሥጋ ያለበት ነገር ይዘው አይሂዱ። ከዐሥራ ሁለቱም ምግብ ቢያንስ አንድ አንድ ማንኪያ ይቅመሱ፤ ያልተቀመሰ ምግብ ከመጪው ዓመት አንድ ደስታ ያስቀራል ይላሉና፣ ያዘጋጀችው ሴት ሳህንዎን እያየች ነው።