ፊውዙ ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

ጌዶ ውስጥ ዛሬ ሞተር ሳይክል የማይገባበት ሰፈር የለም። ልጆቻችን ይሠሩበታል፤ እኛም ገበያ ስንሄድ ወይም የልጅ ልጅ ሲታመምብን ከኋላ እንፈናጠጣለን። ስለዚህ የሞተሩ ጤንነት የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ክትባት ይዘን በሞተር ወደ ገጠር እንወጣ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመ ማለት በረዶው መቅለጥ ጀመረ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መካኒኮች ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ከሚመላለሱት ችግሮች አንዱ የፊውዝ መቃጠል ነበር።

ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ፊውዝም እንደዚያው ነው። ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ቀልጣ ሌላውን መስመር ታድናለች። ምክንያቱን ሳይፈልጉ አዲስ ፊውዝ እየቀያየሩ መሄድ ወባ ለያዘው ሰው የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ እንደ መሸኘት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ የጎረቤት ልጅ በሳምንት ሦስት ፊውዝ ሲቃጠልበት፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዙ ቦታ ከተተው። ሞተሩ ሠራ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር በጊዜው ቀልጦ መስመሩን አያቋርጥም፤ በምትኩ የሽቦው ልባስ ይግላል፣ ይቀልጣል። ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በቤንዚን ታንከሩ ሥር ነው። 10 አምፔር የተጻፈበትን አውጥቶ 20 ማስገባትም አደጋው ያው ነው።

ታካሚ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መቼ ጀመረህ?» ነው። እዚህም «ምን ሲደረግ ይቃጠላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሬን ሲያዝ ከሆነ የፍሬን መብራቱ መስመር ይታይ። ፍሬቻ ሲበራ ወይም ክላክስ ሲነካ ከሆነ የእነርሱ መስመር ይፈተሽ። መሪ ሲዞር ከሆነ መሪው አንገት ላይ ሽቦ ተፍቆ ይሆናል። ጉድጓድ ሲመታ ከሆነ ከመቀመጫው ሥር፣ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ከሆነ ውሃ የገባበት ሶኬት ይፈለግ። የጎረቤታችን ልጅ ፊውዝ ይቃጠል የነበረው መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ነበር፤ የተላጠው ሽቦ ብረቱን እየነካ ኮንታክት ይፈጥር ነበር። ሽቦው ተቀይሮ ከሚፈትገው ቦታ ርቆ ሲታሰር ችግሩ ቆመ።

ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ፣ ጥሩ መካኒክ በፊውዙ ቦታ ባለ 12 ቮልት አምፖል ያገናኛል። ኮንታክት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሲነቅል አምፖሉ የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት መስመር በሽተኛው ነው። በዚህ ዘዴ ፊውዝ በከንቱ አይባክንም።

በብዙ ሞተሮች ላይ ፊውዝ ሲቃጠል ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ አብረው ይጠፋሉ። በክረምት ጉም ከጌዶ ወደ ጉደር በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ልጃችሁ ፍሬን መያዙን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

እንግዲህ ልጃችሁ የፊውዝ መግዣ ሲጠይቃችሁ «በዚህ ወር ስንተኛው ነው?» በሉት። ሁለተኛው ከሆነ ገንዘቡን ለመካኒክ ክፈሉ። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስም የልጅ ልጆቻችሁን አታሳፍሩበት።