የመንዟ ቤት ልትሸጥ ነው፤ ማን ፈቀደ?

አባት ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። መሐል ሜዳ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ግን ከነጓሮ ባሕር ዛፏ ገዢ ተገኝቶላታል። አዲስ አበባ ካሉት አራት ልጆች ታላቅየው «ሽጠን እንካፈል» ይላል። ድንጋዩን ከባላቸው ጋር ተሸክመው፣ ጣሪያዋን በጓሳ ሣር ያስከደኑት እናት ደግሞ «እኔስ የት ልግባ?» አሉ። (ኋላ ቆርቆሮ ለብሳለች፤ ለመንዝ ብርድ ግን ሣሩ ይሻል ነበር!) ታናሽየዋ መሐል ቤት ጨንቋታል።

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ድርሻችሁን እወቁ። ቤቷ በትዳር ውስጥ ከተሠራች ግማሿ የእናትሽ ናት። ይሄ ውርስ አይደለም፣ የገዛ ሀብታቸው ነው። እናንተ የምትወርሱት የአባታችሁን ግማሽ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ እኩል፣ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ሳይባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ንብረት ሲሸጥ የባለድርሻዎቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል። ታዲያ ወንድምሽ ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ ጉድ ፈላ!

መሬቱ እንደሆነ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ሕጉ ያዛል። ጠላ ቤት በተፈረመች ብጣሽ ወረቀት እንዳትሸወዱ።

ወንድምሽ ገንዘቡ ቸግሮት ከሆነ የራሱን ድርሻ ይሽጥ። ለባዕድ ከመሸጡ በፊት ቅድሚያ የመግዛት መብት የናንተ የባለድርሻዎቹ ነው። ሦስታችሁ አዋጡና ግዙት፤ በዕቁብም ቢሆን። ገዢውን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ «እናታችን አልፈረሙም» በይው።