ሳይቃጠል በቅጠል

የዛሬው ንግግራችን አዲስ የተዋወቅነውን የፍቅር ጓደኛ ጠባይ ጊዜ ሳያልፍ ስለማስተዋል ነው።

«ይህ ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልገዋል። ቀድሞ ወጣቶች ሲተጫጩ አጣሪዎቹ ወላጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የቤተሰቡ ስም ይጠየቃል። ይሁን እንጂ «ልጁ ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ልጅቱስ ፈቅዳለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ብዙዎች የሚተዋወቁት በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በስልክም ነው። ስለዚህ አጣሪው ራሳችን ነን ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንመልከት? አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «እሺ» ሲሉት ሁሉም ሰው ደግ ነው። ጠባዩ የሚታወቀው «አይሆንም» ሲሉት ነው።

የራሴን ላጫውታችሁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ አንድ ሰው ተዋወቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት «ካላንቺ መኖር አልችልም» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። በወሩ «እነዚያ ጓደኞችሽ አይጠቅሙሽም» ሲለኝ አብሬያቸው ማጥናት ተውኩ። ቀጥሎም ስልኬን እየተቀበለ መልእክቶቼን ያነብ ጀመር። ብጠይቀው «ስለምወድሽ ነው» ይላል። አንድ ቅዳሜ «ሰኞ ፈተና አለኝ፤ ዛሬ አልመጣም» ብለው በሰው ፊት ሰደበኝ። በማግስቱ ስጦታ ይዞ እያለቀሰ መጣ፤ ይቅር አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ያው ተደገመ፤ ያን ጊዜ ግን ክንዴን ጠመዘዘኝ። ትምህርቴን ላቋርጥ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለታላቅ እህቴ ብነግራት «ነገሩ የዛሬ አይደለም፤ ስልክሽን የተቀበለሽ ቀን ነው የጀመረው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እንግዲህ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ጥድፊያ። ገና ሳትተዋወቁ «አብረን እንኑር፣ ቶሎ እንጋባ» ማለት።

ሁለተኛ፣ ከጓደኛና ከዘመድ መነጠል።

ሦስተኛ፣ ቁጥጥር። የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ነበርክ፣ ምን ለበስሽ ማብዛት።

አራተኛ፣ ገንዘብ። ደመወዛችሁን «እኔ ልያዝልሽ» ማለት፣ ወይም ብድር ማዘውተር።

አምስተኛ፣ መደበቅ። ቤቱን፣ ሥራውን፣ ወዳጆቹን ፈጽሞ አለማሳየት።

ስድስተኛ፣ ስድብና ይቅርታ እየተፈራረቁ መደጋገም።

እነዚህ በወንድም በሴትም ይታያሉ። አንድ ቀን የተበሳጨውን ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን አይገባም። ለመለየት በግልጽ ተናገሩ። «ስልኬን ማየትህን አልወደድኩትም» በሉ። የሚያከብራችሁ ሰው ቅር ቢለውም ይተወዋል። የማያከብራችሁ ያኮርፋል፣ ይዝታል። ዱላ ከመጣ ግን ሁለተኛ ጊዜ አይጠበቅም።

ለመለያየት ስትወስኑ አስቀድማችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ብቻችሁን ጭር ያለ ቦታ አትገናኙ። የዛቻ መልእክት ቢደርሳችሁ አታጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል።

«አይሆንም» ማለት በሕግም የተጠበቀ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱም ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲሆን ያዛል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አይድንም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳቱ ትንሽ ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ቤቱን ከያዘ በኋላ ግን የመንደር ሰው ሁሉ ቢጮህ ዋጋ የለውም።

ለመወያያ፦
1. ከስድስቱ ምልክቶች በአካባቢያችሁ እንደ ፍቅር የሚቆጠረው የትኛው ነው? ለምን?
2. እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግራችሁ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ?