ከ«ምኒልክ ወርቅ» በፊት ሚዛን!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ወርቅ ነው። ስለ ቀለበትና ስለ ሐብል አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ስለሚያሳድዱት የወርቅ ሳንቲም ነው። የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ደስ ይላል፤ ታሪክን በእጅ እንደ መዳሰስ ነው። ግን ደግሞ ጀማሪን ዓይኑ እያየ የሚያስበላ ነገር ነው።

ከአምቦ አለፍ ብላ ካለችው ከጉደር አንድ ወጣት (ስሙን አንጠራም) ለሠርጉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ግራ ተጋብቷል። ጠገራ ብር መሰብሰብ ከጀመረ ገና ዓመቱ ነው። በገበያ ቀን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «የቤት መሠረት ስንቆፍር እንስራ ሙሉ የምኒልክ ወርቅ አገኘን፤ ለማንም እንዳትናገር፣ ላንተ በርካሽ...» ይለዋል። እጮኛው «ተው፣ ይቅርብን» ትላለች። እሱ ደግሞ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም» ባይ ነው። ማን ልክ ነው?

እኔ ከእጮኛው ጋር ነኝ። ወሬው ለጆሮ እንደሚጥም አልክድም። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን የቆረቆሯት አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ሆለታም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ስለዚህ «በዚህ አገር የምኒልክ ወርቅ ቢቀበር ምን ይገርማል?» ያሰኛል። ግን ቀዝቀዝ ብላችሁ አስቡት። ወሬው ውሸት ከሆነ ሰውየው አጭበርባሪ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ የቅርስ አዋጁ (ቁጥር 209/1992) በቁፋሮ የተገኘ ቅርስ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲነገር ያዛል። «የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ነው» ብትባሉም ያው ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሠርጉ ገንዘብ ገደል አፋፍ ላይ ነው!

ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?

የምኒልክ ወርቅ በእርግጥ አለ። ስሙ ራሱ «ወርቅ» ይባላል፤ የተመታበት ዓመት 1889 ዓ.ም. በግዕዝ ቁጥር (፲፰፻፹፱) ተጽፎበታል። ሙሉው 7 ግራም፣ ግማሹ 3.5 ግራም ይመዝናል። ከ1,000 እጅ 900 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ በካራት ሲሰላ 21.6 ይሆናል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ 1958 ዓ.ም. የሚሉት አሉ፤ የንጉሡን 75ኛ ዓመት ልደትና 50ኛ የሥልጣን ዓመት ለማስታወስ የወጡ ናቸው። ባለ 10 ብሩ 4 ግራም፣ ባለ 20ው 8፣ ባለ 50ው 20፣ ባለ 100ው 40፣ ባለ 200ው 80 ግራም ነው። ይህንን የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ሚዛኑ ካልገጠመ ጨዋታው እዚያው አበቃ።

ሚዛኑ ቢገጥምስ?

አንደኛ፣ ውሃ ይመስክር። እስከ 0.01 ግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። 7 ግራሙ ሳንቲም የእውነት ከሆነ ሚዛኑ 0.4 አካባቢ ያሳያል። ወርቅ የተቀባ ናስ ከሆነ ግን 0.8 አካባቢ ይሄዳል። ቅቡ ዓይንን ያታልላል፤ ውሃን ግን አያታልልም።

ሁለተኛ፣ «ይኸው ማግኔት አልሳበውም!» ሲሏችሁ አትደነቁ። ናስንም መዳብንም ማግኔት አይስባቸውም።

ሦስተኛ፣ ለናሙና የሚሰጣችሁ አንድ ፍሬ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። «ወርቅ ቤት ወስደህ አስመርምር» የሚሉት እሱን ነው፤ ውሸቱ የሚመጣው ከተማመናችሁ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ እናንተ በመረጣችሁት ወርቅ ቤት አስመርምሩ። «ዛሬውኑ ክፈል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

አራተኛ፣ ከተገዛም በኋላ በአመድ፣ በአሸዋ አትፈትጉት። ማንጠልጠያ አታስበይዱበት፣ አታስበሱት። የተበሳ ሳንቲም የወርቅ ዋጋው አለ፤ የሰብሳቢ ዋጋው ግን ይወርዳል።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ከወርቅ ሳይሆን ከብር መጀመርን ነው። ብር ብትሳሳቱበት ቤት አያፈርስም። 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 1780 ይላል። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ከሞተች በኋላም በዚያው ቀን መመታቱን ቀጥሏል፤ ስለዚህ 1780 ስላለ ብቻ የዚያን ዘመን ነው ማለት አይደለም። ከዚያ ፓሪስ የተመታውን፣ ከ1887 ዓ.ም. የጀመረውን የምኒልክ ብር አስከትሉ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ደግሞስ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቃችኋል? በምዕራብ ሸዋ ስንት እናት ጠገራን በአንገቷ አጥልቃ አጊጣለች! የማን እንደነበረ፣ በምን ምክንያት እንደተሰጠ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ገበያ ላይ ገንዘብ ከፍላችሁ የማታገኙት ይህንን ነው።

ለጉደሩ ወንድማችን የምለው አጭር ነው። የሠርጉን ገንዘብ ለሠርጉ ተወው፤ መጀመሪያ አንድ ጥሩ ሚዛን ግዛ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም!