ከዕፅዋት የሚዘጋጁ እንክብሎች ለፕሮስቴት ሕመም በእርግጥ ይረዳሉን?

በዕድሜ የገፉ አባት ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሡ፣ መጸዳጃ ቤት ገብተው ብዙ ሲቆዩ፣ ወጥተውም ገና እንዳልጨረሱ ሲሰማቸው ማየት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የታወቀ ነው። አባት ችግሩን ለመናገር ያፍራሉ፤ ቤተሰቡም «የእርጅና ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንድ ቀን ግን ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የዛፍ ሥዕል ያለበት የእንክብል ብልቃጥ ይልካል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አባት «ተሽሎኛል» ይላሉ። ታዲያ እንክብሉ ሠርቷል ማለት ነውን?

ይህን ጥያቄ የፊዚክስ መምህር ማንሣቱ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በመሠረቱ የልኬት ጥያቄ ነው። አንድ ለውጥ ካየን በኋላ ትክክለኛውን ምክንያት ከሌሎቹ ምክንያቶች እንዴት ለይተን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማብራራት ነው።

ዕጢውና ቧንቧው

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት የሚከብ ዕጢ ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ያህል ሲሆን ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በወንዴ ሆርሞን ተጽዕኖ ቀስ በቀስ ያድጋል። በሃምሳዎቹ የዕድሜ ክልል ከሚገኙ ወንዶች ግማሽ ያህሉ ይህ ዕድገት በአጉሊ መነጽር ይታይባቸዋል። ዕድገቱ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ነገር ግን ቧንቧውን ያጠብበዋል።

የመጥበቡን ውጤት ለመረዳት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ ዣን ፑዋዜይ የደረሰበትን ሕግ እናስታውስ። በቀጭን ቧንቧ ውስጥ በተረጋጋ ሁኔታ የሚፈስ ፈሳሽ መጠን የሚወሰነው የቧንቧው ሬዲየስ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሳይለወጥ ሬዲየሱ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ፍሰቱ ወደ 66 በመቶ ይወርዳል። ሬዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ የሚቀረው ፍሰት ከ16 አንድ እጅ ብቻ ነው። የሽንት ቧንቧ እንደ ብርጭቆ ቱቦ ግትር ስላልሆነ ስሌቱ ቃል በቃል አይሠራበትም፤ ቁም ነገሩ ግን ትንሽ የመጥበብ ለውጥ ትልቅ የፍሰት ለውጥ ሊያስከትል መቻሉ ነው።

ከዚህ አንድ አስፈላጊ ነገር እንረዳለን። በዕጢውና በፊኛው አንገት ያሉት ጡንቻዎች በየጊዜው ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ለአፍንጫ መታፈን የሚወሰዱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች እንኳ ሊያጠብቋቸው ይችላሉ። ሕመሙም በዚያው መጠን አንድ ሰሞን ይብሳል፣ ሌላ ሰሞን ይቀላል።

ያለ መድኃኒት የሚመጣ መሻል

ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሚለኩት በሰባት ጥያቄዎች ሲሆን መልሶቹ ተደምረው ከ0 እስከ 35 ነጥብ ይሰጣሉ። አሁን አንድ ሰው እንክብል መውሰድ የሚጀምረው መቼ እንደሆነ እናስብ። ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው። ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ደግሞ ከፍ ካለበት ጫፍ በኋላ ወደ አማካዩ መመለሱ የማይቀር ነው። በዚህ ላይ ተስፋው አለ፤ ማታ ማታ ሻይ መቀነሱም አለ። ነጥቡ ቢወርድ ከእነዚህ ሁሉ መካከል የእንክብሉ ድርሻ የትኛው ነው?

የፊዚክስ ተማሪ የጨረራ ቆጣሪን ሲጠቀም በመጀመሪያ ናሙናው በሌለበት ከአካባቢው የሚመጣውን ጨረራ ይቆጥራል፤ ከዚያም ይህን ከጠቅላላው ይቀንሳል። በሕክምና ምርምር የዚህ ምሳሌ ፕላሴቦ የሚባለው፣ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ነው። ተሳታፊዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ እነርሱም ሆኑ ሐኪሞቻቸው አያውቁም። የመድኃኒቱ ድርሻ የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት ነው።

የሶ ፓልሜቶ ታሪክ

በዓለም ገበያ በእጅጉ የታወቀው የፕሮስቴት ማሟያ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ከሚበቅል ሶ ፓልሜቶ ከተባለ አጭር ዘንባባ ፍሬ የሚዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. 2,939 ወንዶች የተሳተፉባቸውን 18 ጥናቶች ያጠቃለለ ጽሑፍ ማሟያው እንደሚረዳ ገልጾ ነበር። ሆኖም የጥናቶቹ አማካይ ቆይታ 9 ሳምንት ብቻ ነበር። በተጨማሪም የፍሬው ጭማቂ የራሱ የሆነ ጠንካራ ሽታ ስላለው ተሳታፊዎች የትኛውን እንደወሰዱ የመገመት ዕድል ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ የተሻለ ጥንቃቄ የተደረገባቸው ጥናቶች ተካሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ጥናት 225 ወንዶች ለአንድ ዓመት ሲታዩ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። «ምናልባት መጠኑ አንሶ ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. መልስ ተሰጠ። 369 ወንዶች ለ72 ሳምንታት ሲከታተሉ መጠኑ እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ ተደረገ። ሶ ፓልሜቶ የወሰዱት ነጥባቸው በአማካይ በ2.2 ቀነሰ። ማስመሰያውን የወሰዱት ግን በ2.99 ቀነሰላቸው። ብልቃጡ የደረሳቸው አባት «ተሽሎኛል» ማለታቸው ሐሰት አይደለም፤ መሻሉ ግን ከፍሬው የመጣ አልነበረም።

በአገራችን ያለው ዛፍ

ሁለተኛው ማሟያ እኛን በቅርብ ይመለከተናል። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ከሚበቅለውና በአማርኛ ጥቁር እንጨት ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት የሚዘጋጅ ነው። አውሮፓውያን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለፕሮስቴት ሕመም ሲጠቀሙበት ቆይተዋል። በ1,562 ወንዶች ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶች ሲጠቃለሉ ሌሊት መነሣት በ19 በመቶ መቀነሱ፣ ከፍተኛው የሽንት ፍሰትም በ23 በመቶ መጨመሩ ተመልክቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን ጥናቶቹ ትንንሽና አጫጭር ናቸው፤ አማካይ ቆይታቸው 64 ቀን ነበር። ሶ ፓልሜቶም ትልልቆቹ ጥናቶች ከመምጣታቸው በፊት እንዲሁ ተስፋ ሰጪ እንደነበረ አንዘንጋ። በዚህ መካከል ዛፉ ቅርፊቱ እየተላጠ በመመናመኑ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ባልተረጋገጠ ጥቅም ምክንያት የተረጋገጠ ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት ነው።

«ዕፅዋት ቢሆን ምን ይጎዳል?»

ይህ አባባል በሁለት ምክንያት ያሳስታል። አንደኛ፣ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ ላይሆን ይችላል። ከስምንት ዕፅዋት ተዘጋጀ ይባል የነበረው ፒሲ ስፔስ የተባለ ማሟያ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል፤ ሲመረመር ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ተገኝቶበት ነበርና። ሁለተኛውና የከፋው ጉዳት የጊዜ ብክነት ነው። የፕሮስቴት ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ሳይታከም የቆየ የሽንት መታገድም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ውጤታቸው በትልልቅ ጥናቶች የተመሰከረላቸው፣ ጡንቻውን የሚያላሉ ወይም ዕጢውን የሚያሳንሱ መድኃኒቶች ደግሞ አሉ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ስለ ማንኛውም ፈዋሽ ነገር ሲነገራችሁ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሙ፦ ከምን ጋር ተነጻጸረ? በስንት ሰዎች ላይ? ለምን ያህል ጊዜ? በቤታችሁ ሌሊት ደጋግመው የሚነሡ አባት ወይም አያት ካሉ ደግሞ በአክብሮት ጠይቋቸውና ወደ ሐኪም አብራችኋቸው ሂዱ። ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደሚወስዱ ማወቅ ይኖርበታል።